አቶ መንግሥቱ ለማና የተዘነጉት የፍቅር ኮሜዲዎቻቸው

ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚያሳትመው ለዚህ መጽሔት እያንዳንዱ ጸሓፊ የአንድ ስመ ጥር ሰው የሕይወት ታሪክ አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ በአማርኛ አስተማሪያችን በታዘዘ ጊዜ፥ ጓደኞቼ ጦር የመሩትን፥ አገር ያቀኑትንና በዙፋን የተቀመጡትን ሰዎች ወዲያው ተሻሙባቸው። እኔ ዘግይቼ ስለ ደረስኩ የቀረልኝ ስም እምብዛም አልነበረም። ያን ጊዜ በቤተ መጻሕፍታችን ጥግ ከሌሎች አሮጌ መጻሕፍት ጋር ተደርድሮ ያየሁት ሽፋኑ የተገነጠለ የቴአትር መጽሐፍ ትዝ አለኝና የአቶ መንግሥቱ ለማን ስም አስመዘገብኩ። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ ሣቁብኝ። ሰው ያሣቀ ሰው ከጦር መሪዎች ጎን እንዴት ይሰለፋል ማለታቸው ነው። እኔም በመጀመሪያ እንደ እነርሱ ይመስለኝ እንደ ነበረ መደበቅ አልፈልግም።

አቶ መንግሥቱ በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ዕውቀታቸው የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ልጅየው ያደጉት በሐረር ሲሆን፥ እንደ ሊቅ ልጅነታቸው ከፊደልና ከዳዊት አንሥተው እስከ ግዕዝና ቅኔ የደረሰውን የአባቶችን ትምህርት ቀመሱ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እወዳለሁ። ኋላ አገር የሣቀበት ቀልዳቸው ከውጭ አገር የመጣ ብቻ አይደለምና። ቅኔ የሚማር ልጅ አንድ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው፥ ሰምና ወርቅ እንዳለው ገና በልጅነቱ ይረዳል። በአባታቸው ቤትም ሊቃውንቱ ሲጨዋወቱ፥ አንዱ ሌላውን በቃል ሲያጠቃ፥ የአለቃ ገብረ ሐናና የመሰሎቻቸው ጨዋታ ሲወሳ ይሰሙ ነበር። ከዚያ የበለጠ የኮሜዲ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል?

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲወር የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አገር ነጻ ሲወጣ ደግሞ 17 ሞልቷቸው ነበር። ከነጻነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮተቤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1940ዎቹ መጀመሪያም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሎንዶን ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። በዚያም በሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክና በሎንዶን የኤኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ገቡ።

የዚያን ጊዜዋ ሎንዶን እኛ በሥዕል የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። በጦርነቱ ቦምብ የፈራረሱ ቤቶቿ ገና አልተጠገኑም፤ ሥጋና ስኳርም በራሽን ይታደሉ ነበር። ቴአትር ቤቶቿ ግን ክፍት ነበሩ። ሰው ሆዱ ሳይጠግብ ለሣቅ ይሰለፍ ነበር ማለት ነው። ሰውን እያሣቀ በማሰብ የሚያደክመው ዝነኛው ጸሐፌ ተውኔት በርናርድ ሾውም በእነዚያ ዓመታት ገና በሕይወት ነበረ፤ የሞተው በ1943 ዓ.ም. ነው። አቶ መንግሥቱ በኋላ የጻፏቸውን ኮሜዲዎች ያነበበ ሰው ከሾው መንገድ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ይገነዘባል። ሁለቱም የሚያሣቁት ሰው በሙዝ ልጣጭ አንሸራትተው በመጣል ሳይሆን፥ ኩሩ ሰው በገዛ አሳቡ ተሰናክሎ ሲወድቅ በማሳየት ነው።

የእርሳቸውን ሥራ ለመመዘን ከእርሳቸው በፊት በአገራችን ቴአትር ምን ይመስል እንደ ነበረ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተጻፈው የአውሬዎች ኮሜዲያ መሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ የቴአትራችን በኵር ኮሜዲ ነበረ! ነገር ግን በእንስሳት አስመስሎ የመንግሥትን አሠራር ስለ ነቀፈ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ታላቁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት፥ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በመድረክ የሚታዩት ቴአትሮች ግን አብዛኞቹ ታሪክንና ግብረ ገብን የሚያስተምሩ፥ ተዋናዩ እንደ ሰባኪ ቆሞ ረዥም ንግግር የሚያሰማባቸው ነበሩ። አልናቃቸውም፤ ለዘመናቸው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ይሁንና ባልና ሚስት በቤታቸው እንዴት እንደሚጣሉ፥ ጐረምሳ ልጃገረድ ፊት ሲቆም ምላሱ እንዴት እንደሚተሳሰር የሚያሳይ ቴአትር አልበዛም ነበር። አቶ መንግሥቱ የገቡት በዚህ በር ነው።

ከሎንዶን ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ላይ ካገለገሉ በኋላ በኒው ዴልሂ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተመድበው ለዓመታት በሕንድ አገር ኖሩ። በግጥሞቻቸው መድበል በየግጥም ጉባኤ ውስጥ ያለውን የባሻ አሸብርን የአሜሪካ ጉዞ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ባሻ አሸብር በአገሩ የተከበረ፥ በትውልዱና በማዕረጉ የሚኮራ ሰው ነው። በአሜሪካ አገር ግን ትውልዱን የሚጠይቀው የለም፤ ቆዳውን አይተው ይገፉታል። በመጀመሪያ በባሻ ኩራት እንሥቃለን፤ ቀጥሎ በተገፋው ሰው እናዝናለን፤ በመጨረሻ ሁለቱ ይቀላቀሉብናል። ይህ የእርሳቸው ጠባይ በቴአትሮቻቸውም አለ።

የታወቁት ሁለቱ የፍቅር ኮሜዲዎቻቸው ጠልፎ በኪሴና ያላቻ ጋብቻ ይባላሉ። ሁለቱም ስለ ጋብቻ ናቸው። በያላቻ ጋብቻ ውስጥ በውጭ አገር የተማረ የትልቅ ሰው ልጅ የከተማውን ሹመትና ድሎት ትቶ ወደ ገጠር ይወርዳል፤ በዚያም እያስተማረ ይኖራል። ቤተ ዘመዶቹ በትውልድ የምትመጥነውን ሙሽራ ሲፈልጉለት፥ እርሱ የቤት ሠራተኛውን ይወዳል። ርእሱ እንደሚያመለክተው ጥያቄው አቻ ማን ነው የሚል ነው። በገንዘብ የሚተካከል ነው? በዘር ነው? ወይስ በአሳብ? ይህ ቴአትር በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በ1970 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሎንዶን ታትሟል። ጠልፎ በኪሴ ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት የተማሩ የከተማ ጐበዛዝት ሚስት ለማግኘት የጥንቱን የጠለፋ ልማድ ሲሞክሩ የሚያሳይ ነው። ደራሲው የሚሥቁት በልጃገረዲቱ ሳይሆን፥ ግማሽ እግራቸውን በዘመናዊነት፥ ግማሽ እግራቸውን በአሮጌው ልማድ ላይ አቁመው በሚንገዳገዱት ወንዶች ነው።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። የቴአትር ክበባችን ለበዓሉ የሚያቀርበውን ሲመርጥ አብዛኞቻችን ወንዶቹ ጠልፎ በኪሴ ይሁን አልን። አዳራሹ በሣቅ እንደሚናወጥ እርግጠኞች ነበርን። አንዲት የክበባችን አባል ተነሥታ የእናቷ ታናሽ እኅት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ እንደ ነበረ፥ ያቺ አክስቷም በበዓሉ ቀን ከወላጆች ጋር መጥታ ከፊት ወንበር እንደምትቀመጥ ነገረችን። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ለእኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፥ በሀድያም ሆነ በከምባታ ገጠሮች፥ እናቶቻችንና አያቶቻችን ስለ ጠለፋ ሲናገሩ የሚያስታውሱት መንገድና ወንዝ አላቸው። የአቶ መንግሥቱ ቴአትር በተጻፈበት ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢለውም፥ ጠላፊው የተጠለፈችውን በፈቃዷ አገባ ከተባለ ከክስ ያድነው ነበር። ፈቃዷን ማን እንደሚጠይቅና በምን ሁኔታ እንደምትመልስ መገመት አያስቸግርም። ይህ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። በከምባታ የተወለዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬም በመሠረቱት ድርጅት አማካይነት በየመንደሩ ሽማግሌዎችን፥ እናቶችንና ወጣቶችን አንድ ላይ እያስቀመጡ ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ጠለፋ እንዲነጋገሩ አደረጉ። ስለዚሁ ሥራቸው በ2005 ዓ.ም. የቤልጅግ ንጉሥ በቦድዋን ስም የተሰየመውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2012 ዓ.ም. ዐረፉ። የሚያሳዝነው ግን ሕጉ ቢለወጥም ድርጊቱ ፈጽሞ አለመጥፋቱ ነው።

ታዲያ ጠልፎ በኪሴ መጥፎ ቴአትር ነው ማለት ነው? በክበባችን ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከርንበት። እኔ የማምነው መጽሐፉ በክፍል ውስጥ ቢነበብ እንደሚጠቅም ነው፤ የተማረ ሰው ያልተማረው ከሚያደርገው ሲብስ እንዴት አስቂኝ እንደሚሆን በግልጽ ያሳያልና። በመድረክ ግን ሣቅ እንደ ጐርፍ ነው፤ ደራሲው በቆፈረለት ቦይ ብቻ አይሄድም። በአዳራሹ ውስጥ በጠላፊው ሞኝነት የሚሥቅ እንዳለ ሁሉ በጠለፋው ራሱ የሚሥቅ አይጠፋም። ያቺ አክስት ይህን ሁለተኛውን ሣቅ ከኋላዋ እንድትሰማ አልፈለግንም። አንዳንድ ጓደኞቼ እስከ ዛሬም በዚህ አይስማሙም።

በዚህ ክርክር ምክንያት ነው ማንም ያላስታወሰው ትንሹ የአቶ መንግሥቱ ሥራ የተነሣው፤ ይኸውም ዳንዴው ጨቡዴ ነው። ይህ የራሳቸው ፈጠራ ሳይሆን የሩሲያው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ በ1888 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ድብ ብሎ ከጻፈው ባለ አንድ ገቢር ቀልድ ወደ አማርኛ የመለሱት ነው። ስለ አቶ መንግሥቱ ሲጻፍ ስሙ በአንድ መሥመር ይጠቀስና ይታለፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከትርጉም ሥራዎቻቸው ሁሉ ለእኛ ዕድሜ የሚስማማ ከዚህ የተሻለ የለም።

መነሻው የሩሲያው ታሪክ እንዲህ ነው። አንዲት ወጣት ባልቴት ባሏ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል። ጥቍር ለብሳ በሯን ዘግታ ፎቶግራፉን እያየች ታለቅሳለች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ከቤት ላትወጣ ቈርጣለች። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ታማኝ እንዳልነበረ ታውቃለች፤ ሐዘኗ ከፊሉ ፍቅር፥ ከፊሉ እልክ ነው። ሟቹ ይወደው ለነበረው ፈረስም ተጨማሪ አጃ እንዲሰጠው ታዛለች። በዚህ መካከል አንድ ባለርስት፥ የቀድሞ የመድፈኛ መኰንን፥ ሟቹ ለፈረስ መኖ የተበደረውን ገንዘብ ሊጠይቅ ይመጣል። እርሱም በነጋታው ለባንክ የሚከፍለው ዕዳ አለበት። እርስዋ ከነገ ወዲያ እከፍላለሁ ትላለች፤ እርሱ ዛሬ ካልተከፈለኝ አልወጣም ብሎ ይቀመጣል። ከዕዳ ተነሥተው ወንድና ሴት ማን ይበልጥ ታማኝ ነው ወደሚለው ክርክር ይገባሉ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄዶ በመጨረሻ በሽጉጥ ሊታኰሱ ይስማማሉ። እርስዋ ወዲያው ገብታ የሟቹን ሽጉጦች ታመጣለች፤ አተኳኰሱን ግን ስለማታውቅ ጠላቷ ራሱ ያስተምራታል። ሽጉጡን እንዴት እንደምትይዝ ሲያሳያት፥ ያ ሴት ጠላሁ ያለው ሰው እንደ ወደዳት ይታወቀዋል። አሽከሯ ሰዎች አስተባብሮ መጥረቢያና መንሽ ይዞ ሊያድናት ሲደርስ ሲሳሳሙ ያገኛቸዋል። እርስዋም ለፈረሱ በዚያን ቀን አጃ እንዳይሰጠው ታዛለች።

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ከሁሉ ይበልጥ ደስ ይለኛል። እወድሃለሁ የሚል ንግግር የለም፤ ሐዘኑ እንዳበቃ የሚነግረን የፈረሱ ራት ነው። ዛሬ በየስልካችን የምናያቸው የፍቅር ኮሜዲ ፊልሞች ከመጀመሪያው ተጣልተው በመጨረሻ የሚፋቀሩ ሁለት ሰዎችን ደጋግመው ያሳዩናል፤ ብዙዎቹ ግን ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል፥ ስልክ መደወልና ዝናብ ውስጥ መሮጥም ይጨምሩበታል። ቼኾቭ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ በሦስት ሰዎች ጨረሰው። ጠልፎ በኪሴ ለሚያሳስበው ጥያቄም የራሱ መልስ እንዳለው ልብ በሉ፤ በዚህ ቀልድ ውስጥ ሴትዮዋ ማንም ሳይጎትታት፥ መሣሪያ በእጇ ይዛ ነው የመረጠችው።

አቶ መንግሥቱ ከዚህ ሌላ የእንግሊዛዊውን የፕሪስትሊን ስለ አንድ መርማሪና ስለ አንድ ባለጠጋ ቤተሰብ የተጻፈ ዝነኛ ቴአትር ጠያቂ ብለው ወደ አማርኛ መልሰዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተሸለሙ። ይሁንና ከሥራዎቻቸው ሁሉ ልቤን የነካው ቴአትርም ግጥምም አይደለም። ያረጁ አባታቸውን አስቀምጠው የሕይወት ታሪካቸውን በቴፕ መቅረጫ ቀድተው፥ በቃላቸው ጣዕም ጽፈው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ ብለው አሳተሙት። አለቃ ለማ የተንከራተቱባቸው የቅኔ አገሮች፥ መምህራኑ፥ ተማሪዎቹ፥ የዘመኑ ጨዋታ ሁሉ በዚያ አለ። በሎንዶን የተማረ ዲፕሎማት ልጅ አባቱን እየጠየቀ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ይህን ካነበብኩ በኋላ አያቴ ዘንድ ስልክ ይዤ ሄጄ ስለ ድሮ ሠርጋቸው እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው። ለመቅዳት መሆኑን ሲያውቁ ነጠላቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ለውጠው መናገር ጀመሩ፤ የተሻለውን የተናገሩት ቀረጻው ካበቃ በኋላ ነው። አቶ መንግሥቱ ይህ ሳይገጥማቸው እንዳልቀረ እገምታለሁ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም መጻፋቸውን አልተዉም። ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ጸረ ኮሎኒያሊስት የተባለውን ቴአትር ደረሱ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በቴአትር ጥበባት ክፍል ወጣት ጸሐፌ ተውኔቶችን አስተማሩ። በ1980 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። የራሳቸውን ሕይወት የተረኩበት ደማሙ ብዕረኛ የተባለው መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። ዛሬ ስለ አማርኛ ቴአትር ሲነገር ቅድሚያ የሚሰጠው ለነገሥታቱና ለጀግኖቹ አሳዛኝ ቴአትር ነው። እነ ጠልፎ በኪሴ በርእሳቸው ቢታወሱም፥ መጽሐፎቹን በመጻሕፍት መደብር ፈልጎ ማግኘት ለእኛ ለክፍለ ሀገር ተማሪዎች ቀላል አልሆነልንም። በእኛ ቤተ መጻሕፍት ያለው አንድ ቅጂ በክበቡ አባሎች እጅ ሲዘዋወር የመጨረሻዎቹ አራት ቅጠሎች ስለ ወደቁ በእጅ ገልብጠን አያይዘናቸዋል።

ዳንዴው ጨቡዴን ለማሳየት ከተስማማን በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። የባልቴቷን ቦታ የሚይዝ ጠፋ። ሴቶቹ ጓደኞቻችን ቀልዱን ቢወዱትም፥ በሰው ፊት ለዚያውም በወላጆች ፊት እንዲህ ያለውን ነገር መጫወት ነገ በሠፈር ያስወራል ብለው ፈሩ። ሳምንት ያህል ሥራችን ቆመ። በመጨረሻ ቦታውን ልያዝ ያለችው ያቺው ስለ አክስቷ የነገረችን ልጅ ናት። እናቷን ለማስፈቀድ አስተማሪያችን ቤታቸው ድረስ ሄዱ። እናትየዋም ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲነገራቸው ጠየቁ፤ ከሰሙ በኋላ ስለ መሳሳሙ አንዳች ሳይናገሩ፥ ሴትዮዋ ዕዳውን ከፈለች ወይስ አልከፈለችም ብለው ብቻ ጠየቁ ይባላል። መሳሳሙን በእጅ መያያዝ ለውጠነዋል፤ ቼኾቭም አቶ መንግሥቱም ይቅር ይሉናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ለባልቴቷ የሚሆነውን ጥቍር ልብስ ያዋሰቻት ያችው አክስቷ ናት፤ ልብሱ ረዘም ስለሚል ጫፉን በመርፌ ቀልብሳ ሰፍታላታለች።